ሦስት ሰዎች አይተው የተዉት ሽቦ

መጣ ሄድ የሚል የመኪና ኮረንቲ ብልሽት ለማግኘት አስቸጋሪ ነው ይባላል። መካኒኮች ይሉታል፤ መካኒክ ያልሆኑም ይሉታል። ውሸት ነው። የእኔን አሮጌ መኪና ብልሽት የመጀመሪያው ሰው ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አገኘው። ሁለተኛውም አገኘው። ሦስተኛውም አገኘው። አስቸጋሪው ማግኘቱ አልነበረም።

ነገሩ የሆነው ቀይ ሽብር አበቃ በተባለበት፣ ማብቃቱን ግን ከሬዲዮው በቀር ማንም ደፍሮ በማይናገርበት ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። የአለቃዬን ስም ረስቻለሁ። ያኔ በቃሌ የማወርዳቸውን መፈክሮች እንኳ አብዛኞቹን ረስቻለሁ። አንድ ቀጭን ሽቦ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። በዚህ ዓምድ የሚወጡ ገጠመኞች ብዙውን ጊዜ አንድ መልካም ሰው አያጡም። በእኔም ገጠመኝ ውስጥ መልካም ሰው አለ። እኔ ግን አይደለሁም።

መኪናዋ ከአባቴ የወረስኳት፣ ክሬም ቀለም ያላት ጣሊያን ሠራሽ ነበረች። እኔና እናቴ የምንኖረው ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ በታች ነው። ሥራዬ አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ተርጓሚነት ነበር። ስለ ትራክተርና ስለ ወዛደር ከፈረንጅ ቋንቋ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። ትራክተር በቅርብ አይቼ አላውቅም። ወዛደርም ቢሆን እንደ መጽሐፉ ያለ አላጋጠመኝም።

አንድ ቀን የቀበሌያችን የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ ጓድ ይርጋ ቤታችን መጣ። ከአብዮቱ በፊት ፒያሳ ልብስ ቤት ሻጭ ነበር፤ ጨዋ ልጅ ነው፤ እናቴ ስትገባ ከመቀመጫው ይነሣል። የቀበሌው የቅስቀሳ መኪና ወደ ጦር ግንባር ስለተላከ የእኔ መኪና ለሁለት ሳምንት አብዮቱን ታግዛለች አለኝ። በዚያን ጊዜ እምቢ የሚባል ቃል በመዝገበ ቃላት ውስጥ ብቻ ነበር የሚገኘው። እኔ እንዲያውም "ደስ ይለኛል" ነው ያልኩት።

ሁለት ሳምንት ሙሉ መኪናዬ ጣሪያዋ ላይ ድምፅ ማጉያ ተሸክማ ከፒያሳ ዶሮ ማነቂያ፣ ከዶሮ ማነቂያ ሠራተኛ ሰፈር እየዞረች ሕዝቡን ለስብሰባ ጠራች። በእግሬ ወደ ሥራ ስሄድ በአጠገቤ አልፋ ትጮህብኛለች። በገዛ አባቱ መኪና እየተጠራ ስብሰባ የሄደ ሰው በከተማው ውስጥ ከእኔ ሌላ የነበረ አይመስለኝም።

ስትመለስ ማጉያውን አውርደው ሽቦውን ተዉት። ቀጭን ነጭ ሽቦ ነው፤ ለቤት ደወል የሚዘረጋው ዓይነት። ከጣሪያው በበሩ ጠርዝ ይገባና ከመሪው ሥር ይሰወራል። ይርጋ፣ ሽቦው እዚያው ይቆይ፣ በሌላ ጊዜ ስንፈልግ አንደክምም አለኝና ወረቀት አስፈረመኝ። ወረቀቱ መኪናዋ በማንኛውም ሰዓት ለቅስቀሳ ዝግጁ ሆና እንድትገኝ ያዛል። ከታች ደግሞ "የድምፅ ማጉያ ሽቦ፣ የቀበሌው ንብረት፣ በአደራ" ይላል። ሙያዬ ቃላት ናቸው፤ ሳላነብ አልፈርምም። አንብቤ ፈረምኩ።

ሳምንት ሳይሞላ መኪናዋ እየጠፋች ታስቸግረኝ ጀመር። የመጀመሪያው ቸርችል ጎዳናን ስወርድ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ነው። ሞተሩ ጠፋ፣ መብራቱ ጠፋ፣ ጡሩንባውም ጠፋ። ከኋላዬ የነበረው የአውቶቡስ ሹፌር ስለ እኔና ስለ መንጃ ፈቃዴ እዚህ የማልደግመውን ተናገረ። ወርጄ ልገፋ ስል መብራቱ ማንም ሳይነካው ተመልሶ በራ። ሁለተኛው ዳገቱን ወደ ማዘጋጃ ቤት ስወጣ ነበር፤ ወደ ኋላ ተንሸራትቼ ከአንድ ታክሲ ጋር ለጥቂት ተላለፍን።

ሦስተኛው ግን ከሥላሴ ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ዘብ የቆመበት የመንግሥት ግቢ በር ፊት ለፊት ሆነ። በዚያ ዘመን እንዲህ ባለ በር ላይ መቆም ይቅርና ፍጥነት መቀነስም ያስጠይቅ ነበር። ወታደሩ መሣሪያውን ደግኖ አስወረደኝ። እጆቼን ጣሪያዋ ላይ አድርጌ እንደቆምኩ መብራቷ በራ።

"ትሠራለች እኮ" አለ ወታደሩ።

አሁን ትሠራለች አልኩት። የሰሌዳ ቁጥሯን ጻፈ። ሁለተኛ እዚህ ከቆመች አንተም እዚሁ ትቀራለህ አለኝ፤ ሳይጮህ ነው የተናገረው፤ የባሰ ያስፈራኝም ይኸው ነበር።

አቁመሃት በእግርህ አትሄድም ነበር ወይ ትሉኝ ይሆናል። እሄድ ነበር። መኪናዋ ግን በፊርማዬ ዝግጁ ናት። ቀበሌው በጠራት ቀን ተበላሽታ ብትገኝ ነገሩ አሻጥር ይባላል። በአሻጥር የተጠረጠረ ሰው ደግሞ ምን እንደሚሆን ጠዋት ጠዋት በየመንገዱ እናይ ከነበርን ገና ብዙ አልቆየንም። ስለዚህ መጠገን ነበረባት፤ ያውም በቶሎ።

የመጀመሪያው መካኒክ ከመሪው ሥር ተጋድሞ ገባ፣ ጥቂት ቆየ፣ ወጣና የባትሪውን ማሰሪያዎች በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገልኝ። ሁለተኛው ከመሪው ሥር ገባ፣ ወጣና ዲናሞውን ፈታ። ሦስተኛው ገባ፣ ወጣ፣ እጁን በጨርቅ ለረጅም ጊዜ ጠራረገና ለሻማዎቹ ኮረንቲ የሚሰጠው ቦቢና ነው ብሎ ከሌላ መኪና የወለቀ ቦቢና ገጠመልኝ። የአራዳ ልጅ ነው፤ ሲያሰናብተኝ ቀለደ።

"ጌታው፣ መኪናህ እኮ ኮረንቲ አልጎደላትም" አለኝ። "ሁለት ሳምንት ሙሉ ስብሰባ ላይ ከርማለች። ስብሰባ የለመደ ደግሞ በተቀመጠበት ያንቀላፋል።"

ሳቅሁ። ቀልዱን ብቻ ነበር የሰማሁት። አሁን ሳስበው ሰውየው የሚችለውን ያህል ነግሮኝ ነበር።

በእያንዳንዱ ጥገና ማግስት መኪናዋ ትጠፋለች። እኔ ደግሞ መሥሪያ ቤት ተቀምጬ ስለ አገራችን መካኒኮች ድንቁርና ረዘም ያለ ትችት እሰጣለሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ትችቱ ሲሰለቸው ይመስለኛል፣ ሠራተኛ ሰፈር ወዳሉ "ሀብቶም ኮረንቲ" ወደሚባሉ ሰው ላከኝ።

ጋሽ ሀብቶም ከአንድ የተዘጋ ቡና ቤት ጀርባ ባለ ጠባብ ግቢ ውስጥ ብቻቸውን ይሠሩ ነበር። ሃምሳ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ቀጭን ሰው ናቸው፤ የመነጽራቸው አንዱ ክንድ በመዳብ ሽቦ ታስሯል። ሙያውን የተማሩት አስመራ፣ ጣሊያኖች ዘንድ ነው። ከታናሽ እህታቸው ከለተብርሃን ጋር እዚያው ግቢ ውስጥ ይኖራሉ። አማርኛቸው የሐማሴን ለዛ ነበረው። በዚያ ዓመት ይህ ብቻውን ሰው ሊያስጠይቅ ይችል ነበር፤ እሳቸው ግን ሊሸሽጉት ሲሞክሩ አላየሁም።

እንደ ሌሎቹ ወዲያው ከመሪው ሥር አልገቡም። ሣጥን ላይ አስቀምጠው ጠየቁኝ። ስትጠፋ ሁሉም ነገር አብሮ ነው የሚጠፋው ወይስ ሞተሩ ይቀድማል? ጡሩንባው ይሠራል? ጉድጓድ ስትመታ ነው ወይስ ደልዳላ ላይ? ጠዋት ነው ወይስ ከሞቀች በኋላ? ሐኪም እንኳ እንዲህ አድርጎ ጠይቆኝ አያውቅም። መልሴን ሁሉ ሰምተው፣ ሁሉም አብሮ ከጠፋ ባትሪና ቦቢና መነካካት ከንቱ ድካም ነው አሉኝ። የሰፈሩ ሁሉ ውሃ ሲጠፋ ሰው የራሱን ቤት ቧንቧ ይፈታል እንዴ?

ከዚያ ሁለት ሽቦ የተያያዘላት ትንሽ አምፖል አወጡ። አንዱን ጫፍ ከመኪናዋ ብረት፣ ሌላውን ከቁልፉ ጀርባ ሲያስነኩት አምፖሏ በራች። በግራ እጃቸው ከመሪው ሥር ያለውን የሽቦ ጥቅል ቀስ እያሉ ዳሰሱ። አንድ ቦታ ሲደርሱ አምፖሏ ጠፋች። ለቀቁት፤ በራች። ጫኑት፤ ጠፋች።

የእጅ ባትሪ አቀበሉኝና ና እይ አሉኝ።

የቀበሌው ነጭ ሽቦ ለመኪናዋ ሁሉ ኮረንቲ በሚያደርሰው ወፍራም ሽቦ ላይ ተጠምጥሟል። የጠመጠመው ሰው ወፍራሙን ሽቦ በቢላዋ ሲልጥ ውስጡን አብሮ ቆርጦታል፤ የቀሩት ሦስት ክሮች ብቻ ናቸው። በላዩ ላይ የቁስል ፕላስተር ለጥፎበታል፤ ሌላ ማሸጊያ አላገኘም ይሆናል። መኪናዋ ስትነቀነቅ ክሮቹ ይላቀቃሉ፤ ቆም ስትል ተመልሰው ይነካካሉ። ከቴዎድሮስ አደባባይ ጀምሮ ያስጨነቀኝ ምስጢር ይኸው ነው።

ጋሽ ሀብቶም ፕላስተሩን በጥፍራቸው ገልጠው ብርሃኑ ላይ ያዙት። ጠርዙ ላይ ግራሶ የነካ ጣት ምልክት ነበረበት። አንድ ሰፊ አውራ ጣት፤ አንድ ቀጠን ያለ፤ አንድ ደግሞ ከሁለቱም የጠቆረ።

"ሦስት ሰው ገልጦ አይቶ መልሶ ለጥፎታል" አሉ። "ለመሆኑ ይሄን ሽቦ ያሰረው ማነው?"

"ቀበሌ።"

መነጽራቸውን አውልቀው በጨርቅ ጠረጉት። ሦስቱ መካኒኮች ያልተናገሩበት ምክንያት የገባኝ ያኔ ነው። ብልሽቱን የተናገረ ሰው ጠግነው ይባላል። ለመጠገን የቀበሌውን ሽቦ መቁረጥ አለበት። የቀበሌ ሽቦ የቆረጠ ሰው ምን እንደሚባል ደግሞ ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ አንዱ ባትሪ ጠረገ፣ አንዱ ዲናሞ ፈታ፣ አንዱ ቦቢና ቀየረ። እኔ ድንቁርና ስለው የሰነበትኩት ነገር ዕውቀት ነበር።

ጋሽ ሀብቶም ነጩ ሽቦ ለማጉያው የማይበቃ ቀጭን ነው ብለው ሌላ ወፍራም ሽቦ ለብቻው ሊዘረጉለት አሰቡ። ግቢያቸውን በረበሩ፤ የሚበቃ ቁራጭ አልተገኘም። በዚያን ጊዜ ሽቦ ከገበያ ከጠፋ ከርሟል። ተመልሰው መጡና በሩን ተደግፈው ቆሙ።

"ከተውኩት ዛሬም ነገም ትቆምብሃለች፤ አንድ ቀንም በእሳት ትያያዛለች" አሉኝ። "ከቆረጥኩትም አንተው ታውቀዋለህ። መኪናዋ ያንተ ናት። ምን ትላለህ፣ ሓወይ፣ ወንድሜ?"

"ይቁረጡት" ማለት ነበረብኝ። ወይም "ይተዉት"። ሁለቱም መልስ ነው፤ ሁለቱም ባለቤት አለው። የተማረ ሰው ግን ሦስተኛ መልስ አያጣም።

"እንግዲህ ባለሙያው እርስዎ ነዎት" አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። ምን እንዳደረግሁ የገባቸው ይመስለኛል። ቢሆንም የተበላሸ ነገር ዓይናቸው እያየ ትተው መሄድ የማይሆንላቸው ሰው ነበሩ። ፒንሳቸውን አነሡ። እኔ የእጅ ባትሪውን ያዝኩላቸው። ነጩን ሽቦ ቆረጡት፣ የተጎዳውን የወፍራሙን ሽቦ ክፍል ቆርጠው ጣሉት፣ የቀረውን እርሳስ አቅልጠው አያያዙት፣ በቀጭን ጎማ ጠቀለሉት። ነጩን ሽቦ ደግሞ አንድ ቁራጭ ሳያስቀሩ በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። ዛሬውኑ ወስደህ አስረክባቸው፣ ለምን እንደተቆረጠም ንገራቸው፣ ሽቦ ሲያገኙ እኔው መጥቼ በደንብ እሠራላቸዋለሁ በላቸው አሉኝ። እሺ አልኩ።

አልወሰድኩም። ጥቅሉን ይዤ ቀበሌ ስገባ የምናገረውን አረፍተ ነገር በልቤ ስድስት ሰባት ጊዜ አዘጋጀሁ፤ አንዱም አላማረኝም። ዛሬ ነገ ስል ጥቅሉ መኪናዋ ውስጥ ቀረ። መኪናዋ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ አልጠፋችም፤ ይህም የበለጠ አሳነፈኝ።

ወር ሳይሞላ ለአንድ ትልቅ ሰልፍ ቅስቀሳ ተጠራች። ማጉያውን ጣሪያዋ ላይ ሰቅለው ሽቦውን ፈለጉ፤ የለም። እኔም ተጠራሁ። ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ስገባ ይርጋ ተቀምጧል፤ አጠገቡ ከበላይ፣ ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት የመጣ የማላውቀው ሰው አለ። የፈረምኩት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ይርጋ ዓይኔን አላየም። የሚጠይቀው እንግዳው ነበር።

"ሽቦውን ማን ቆረጠው?"

"እኔ ስለ ኮረንቲ የማውቀው ነገር የለም" አልኩ። "ስትበላሽ ለባለሙያ ሰጥቼ ነበር።"

"ለየትኛው ባለሙያ?"

ነገርኩት።

"እንዲቆርጠው አንተ አዘሃል?"

"አላዘዝኩም።"

እያንዳንዱ ቃል እውነት ነበር። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን የተጣራ እውነት ተናግሬ አላውቅም። እንግዳው ስሙን ሲጽፍ ብዕሩን አቆመና ይህ ሀብቶም የሚሉት የየት አገር ሰው ነው አለ። መልስ የሚያስፈልገው ጥያቄ አልነበረም። ጥቅሉን ከመኪናዋ አምጥቼ አስረከብኩ፤ ሽቦው መመለሱን የሚገልጽ ወረቀት ማኅተም አድርገው ሰጡኝ። ወደ ቤትህ ሂድ ተባልኩ፤ ሄድኩ።

ጋሽ ሀብቶምን የወሰዷቸው በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው።

ለተብርሃን በየቀኑ ስንቅ ታመላልስ ነበር፤ መጀመሪያ ወደ ቀበሌው፣ በኋላ ወደ ከፍተኛው። ይህን የማውቀው ሳህኑን በነጠላዋ ሸፍና በቤታችን በኩል ስለምታልፍ ነው። በዚያ ሰዓት ከመስኮቱ ራቅ ብዬ መቀመጥ ለምጄ ነበር። አንድ ቅዳሜ በሩን አንኳኳች። እናቴ አስገባቻት። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ እንደ ወንድሟ ቀጭን፣ እንደ ወንድሟ በጥንቃቄ የምትናገር።

"ወንድሜ ልኮኝ ነው" አለች ሳትቀመጥ። "በተመላሹ ሳህን ሥር ብጣሽ ወረቀት ደብቆ ላከልኝ። እንዳይሰጋ ንገሪው ይላል። ስቆርጠው እሱ አልነበረም፣ መኪናውን ትቶልኝ ሄዶ ነበር፣ በራሴ ነው የቆረጥኩት ብዬ ቃሌን ሰጥቻለሁ ይላል። ቢጠይቁዎት እርስዎም እንደዚያው ይበሉ።"

እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? እንደዚያው ብዬ ከጨረስኩ ሁለት ሳምንት ሆኖኛል።

እናቴ በግድ አስቀመጠቻት። ለተብርሃን እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እናቴን ጠየቀቻት።

"እማማ፣ ለመሆኑ የነገረበት ማን ይሆን? ከሰው ጋር ጠብ የለውም እኮ።"

"እግዜር ይወቀው፣ ልጄ" አለቻት እናቴ።

እኔ ተነሥቼ ሻይ ላምጣ ያልኩ ይመስለኛል።

እሳቸው እኔን ለማዳን ዋሹ። እኔ ራሴን ለማዳን እውነቱን ተናገርኩ። እኔ አላዘዝኩም፣ እሳቸው በራሴ ነው የቆረጥኩት፤ ሁለቱ ቃል መዝገብ ላይ ገጠመ። ሳይገናኙና ሳይመካከሩ አንድ ዓይነት ቃል የሰጡ ሁለት ሰዎች ያገኘ መርማሪ ሌላ ምስክር አይፈልግም። እኔ በእጄ የያዝኩት ማኅተም ያለበት ወረቀት ነው፤ እሳቸውን የያዛቸው ደግሞ የሁለታችን ስምምነት።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ለተብርሃንን ከነሳህኗ ስትመለስ አየኋት። ነጠላው ከሳህኑ ላይ አልተነሣም፤ ምግቡ እንዳለ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ስንቅ አታምጪ ብለዋታል። ያንን ዘመን ለኖረ ሰው ይህን ማብራራት አያስፈልግም። ላልኖረ ልንገረው፤ በዚያን ጊዜ አስከሬን አይሰጥም፣ መቃብር አይነገርም፤ ለቤተሰብ የሚሰጠው ይህ አንድ አረፍተ ነገር ብቻ ነበር። ሐዘን መቀመጥም ክልክል ስለነበር ለቅሶ አልተሰማም። እናቴ ግን ጥቁር ነጠላ አውጥታ ለበሰች። ለማን ነው ብዬ አልጠየቅኋትም፤ እሷም አልነገረችኝም። እስክትሞት ድረስ ስለዚያ ቅዳሜ አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

ለተብርሃን ክረምቱ ሳይገባ ግቢውን ለቅቃ ሄደች። ወዴት እንደሄደች ጎረቤቶቿ አያውቁም፤ ወይም ለእኔ መንገር አልፈለጉም።

መኪናዋን ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ነዳኋት። በኮረንቲ ምክንያት አንድ ቀን ቆማ አታውቅም።

አሁን ያ መንግሥት ወድቋል፤ ሁላችንም ደፋር ሆነናል። ይህን ታሪክ የነገርኳቸው ጥቂት ወዳጆቼ "ጊዜው ነው" ይሉኛል፤ አንተ ምን ታደርግ ነበር ይላሉ። ጊዜውን እኔም አውቀዋለሁ፤ ከእነሱ የተሻለ ሳላውቀው አልቀርም፤ ስተረጉመው ነው የኖርኩት። ጊዜ ግን የሰው አድራሻ አይናገርም። ሦስቱ መካኒኮችም እንደ እኔ ፈርተው ነበር፤ በእነሱ ፍርሃት የተጎዳው የእኔ ባትሪና የእኔ ዲናሞ ብቻ ነው። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ መፍራቴ ብቻ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ለራሴ ይቅርታ አድርጌ ነበር። የሚነሳኝ ያቺ "ባለሙያው እርስዎ ነዎት" የምትለው ያማረች መልስ ናት። ሰውን አክብሬ ነው የገደልኩት።

ለተብርሃን በሕይወት ካለች ዛሬ ሃምሳ ዓመት ይሆናታል። አስመራ ትሁን እዚሁ፣ አላውቅም። የምታውቋት ካላችሁ ይህን ጽሑፍ አድርሱላት። አማላጅ አትሁኑልኝ፤ ጊዜው ነው አትበሏት። የነገረበት ማን ይሆን ብላ በጠየቀችበት ቀን ሰውየው ፊት ለፊቷ ተቀምጦ እንደነበር ንገሯት።